እናቴ ስንት ሰዓት ነው የምትበረው?

ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ትኬቷ መነሻ ማታ 22:50፣ መድረሻ በማግስቱ 8:00 ይላል። እሷ በሀበሻ ሰዓት አንብባው «ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት እገባለሁ» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች!

እኔ ስቆጥረው 9 ሰዓት ከ10 ነው። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በ9 ሰዓት? አይሆንም። እዚህ ሰመር ስለሆነ የ7 ሰዓቱ ልዩነት ሲጨመር 16 ያልፋል። እኔ ግን ከዚህ ወደ አዲስ ስሄድ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው የፈጀብኝ። ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሙሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ መንገድ ላይ ይቀዳል።

እዚያ ተሳፋሪ ያስወርዳሉ እንዴ? የግፊት ኪኒኗን በየ12 ሰዓቱ ነው የምትውጠው፤ በየትኛው ሰዓት ቁጠሪ ልበላት? በቅርቡ እናቱን ያመጣ ካለ ይንገረኝ።