የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ሴሎቹን የምናሳድግበት መንገድ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአይጥ ላይ የምንሞክረው የካንሰር ክትባት ፕሮፖዛል ረቂቅ ዓርብ ማታ ይዘጋል። የአሠራር ክፍሉ ላይ ሐሳብ ያላችሁ እዚሁ ጻፉልን።

አንጋፋ አባል፣ የክትባት ምርምር፦
እኔን የከነከነኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። «የአይጥ ካንሰር ሴሎች በተለመደው መንገድ ይራባሉ» ትላለች። የተለመደው መንገድ ራሱ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል።

ከራሴ ልናገር። ሴሎቹን እንዳይራቡ በጨረር መትተን አይጦች ከተብንባቸው። በኋላ ሕያው ሴል ስንሰጣቸው ዕጢው አልበቀለም። እንዴት ደስ እንዳለን! ደማቸውን ስንመረምር ግን ፀረ እንግዳ አካላቱ በብዛት የተነሱት በላም ፕሮቲን ላይ ነበር። ሴል የምናሳድግበት ሮዝማ ፈሳሽ 10 በመቶው ከላም ፅንስ ደም የሚወሰድ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ) ነው። ፕሮቲኑ ሴሉ ላይ ይለጠፋል። ሦስቴ አጥበነውም ሙልጭ ብሎ አልሄደም። አይጦቹ የተቆጡት በካንሰሩ ይሁን በላሟ መለየት አቃተን። የስድስት ወር ልፋት ነው የቀረው።

ስለዚህ ከክትባቱ በፊት ሴሎቹ ጥቂት ቀን በአይጥ ሴረም ይቆዩ። የላም ሴረም ብቻ የሚከተቡ አይጦችም ለማነጻጸሪያ ይኑሩን።

አባል፣ ማይክሮባዮሎጂ፦
ማይኮፕላዝማን አትርሱብኝ፤ የምናሳድጋቸውን ሴሎች የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። እሱ ራሱ የመከላከያ ሥርዓቱን ይቀሰቅሳል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በፒሲአር (ዲኤንኤውን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ይመርመር።

አባል፣ የካንሰር ጄኔቲክስ፦
ፓሴጁም አለ፤ ማለትም ሴሎቹ ሲበዙ ተከፍለው ወደ አዲስ ዕቃ የሚዛወሩበት ዙር። ዙሩ ሲደጋገም ሴሎቹ ይለወጣሉ። በ2018 የወጣ ጥናት ኤምሲኤፍ 7 የተባለውን የጡት ካንሰር ሴል 27 ዘሮች ጎን ለጎን አይቷል። ስማቸው አንድ፣ ለመድኃኒት የሚሰጡት ምላሽ ግን ለየቅል። ፍላስክ (ሴል የምናሳድግበት ጠርሙስ) ውስጥ ደግሞ የሚያሳድዳቸው ቲ ሴል፣ ማለትም የካንሰር ሴል ለይቶ የሚገድል የመከላከያ ሴል፣ የለም። ሰውነት ውስጥ ተለይቶ የሚጠፋው ሴል እዚያ በሰላም ይራባል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቢ16 የተባለው የቆዳ ካንሰር ሴል ፍላስክ ውስጥ ኤምኤችሲ 1ን (ቲ ሴል ሴሉን የሚለይበትን የገጽ ፕሮቲን) እምብዛም አያወጣም። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው የመከላከያ ሥርዓቱ መልእክተኛ ፕሮቲን ሲያገኘው ግን ያወጣዋል። ፍላስክ ላይ ብቻ ለክተን «ለቲ ሴል አይታይም» ካልን እንሳሳታለን። ከፍላስክ የወጣውንም ከአይጧ ዕጢ የወጣውንም እንለካ።

አስተባባሪ፦
የአይጥ ሴረም በጀታችንን እንዳይበላው ሰግቼ ነበር። ለጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ይቻላል። ዓረፍተ ነገሯን እንዲህ ቀይሬያታለሁ፦ «ሴሎቹ በመጀመሪያዎቹ ፓሴጆች ይቀዘቅዛሉ፤ ከማይኮፕላዝማ ነፃ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ ከክትባት በፊት ወደ አይጥ ሴረም ይዛወራሉ፤ ኤምኤችሲ 1 በፍላስክም በዕጢም ይለካል።» ዶክተር፣ እስቲ ይዩልኝ።