ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብይ፣ አባሮሽ፦ የልጆች ጨዋታ ቃላት ፍቺ

አዳሜዋ፦
ሰላም ለቤቱ። አዳማ ውስጥ የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚላቸውን አራት ቃላት ፍቺና መነሻ እፈልጋለሁ፤ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብይ፣ አባሮሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእኛ እንዳልሆኑ ጆሮ ይለያል። ብይ ግን ያደናግራል፤ «ብይን ሰጠው» ሲባል ጠጠሯን ይሁን ፍርዱን የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። «አባሮሽ» ላይ ያለችውስ «ሽ» ሥራዋ ምንድን ነው? «አባረርሽ» ላይ እንዳለችው የሴት ናት እንዳንል ወንዶቹም ያው ነው የሚሉት።

ባለ ጋራዥ፦
ቸርኬ ከጣሊያንኛ ነው። ቼርኪዮ ክብ ቀለበት ነው፣ ሲበዛ ቼርኪ። ጋራዥ ውስጥ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት ቸርኬ ይባላል። ልጆች የሚነዱት ግን ሽቦዎቹ የወለቁለት የብስክሌት ቸርኬ ነው፤ ጎማው የሚገባበት ቦይ ዱላዋን ይዞ ስለሚያስኬዳት ለመንዳት ይመቻል። ዱላዋ ክንድ ብታህል ይበቃል። የሚገፋው ከኋላ፣ ከወገቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አጥብቀው ከተጫኑት ዱላው ራሱ ፍሬን ይሆናል፤ ጀማሪ ሁሉ ቸርኬው የሚወድቅበት በዚህ ነው። ለመታጠፍ የቦዩን ግድግዳ በዱላው ጫፍ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። በወፍራም ሽቦ የሚነዱት ጫፉን እንደ መንጠቆ ያጥፉታል፤ እጥፋቱ ከጠበበ ቸርኬውን ይነክሰዋል፣ ከሰፋ ይሾልካል።

በነገራችን ላይ ጣሊያኖቹ የብስክሌቱን ሽቦ የሚጠሩበት ቃል ጨረርም ማለት ነው፤ የሐኪም ቤቱ «ራጅ» ከዚያው የመጣ ነው።

ኩሽኔታ፣ በሁለት የብረት ቀለበት መሐል ኳሶች የሚሽከረከሩበት ዕቃ፣ ደግሞ ኩሺኔቶ ነው፣ «ትንሽ ትራስ» ማለት። ኩሺኖ ትራስ ነው፤ የሚዞረው ዘንግ የሚንተራሰው እሱን ስለሆነ ነው። ልጆች ለእንጨት መኪናቸው ጎማ ያደርጉታል። ቁጥሩ 6204 የሆነው ቢገኝ ጥሩ ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ 20 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር ነው። ሳንቃው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። የኋላው አግዳሚ በምስማር ይመታል፤ የፊተኛው በመሐል በአንድ ብሎን ብቻ ይያዝና ግራና ቀኝ በገመድ ይጎተታል፣ መሪው እሱ ነው። ዳዶውን ጥርቅም አድርጎ ያሰረ መሪ የለውም፤ ላላ አድርጎ የተወው ደግሞ መንገድ ላይ ይፈታበታል። መፍትሔው ትንሽ አላልቶ ሁለተኛ ዳዶ መደረብ ነው። (ብሎንም ዳዶም የጣሊያን ናቸው፤ ዳዶ እዚያ የዕጣ መጣያውን ኩብም ይጠራል።)

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ነው። እንጨቱ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይሟሽሽና ኩሽኔታው ይወልቃል። ጫፉ ከቀዳዳው በጥቂቱ ወፈር ብሎ ይጠረባል። ሲገባ መመታት ያለበት የውስጠኛው ቀለበት ነው፣ ቁራጭ ቱቦ ደግፎ። የውጩን ቀለበት በመዶሻ ከመቱት ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ያጎደጉዱታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሲንኳኳ ይኖራል። የአዳማ አሸዋ ደግሞ ግራሶ (ወፍራሙን የማሽን ቅባት) ይወዳል፤ ግራሶ የተቀባ ክፍት ኩሽኔታ አሸዋውን ይዞ ራሱን ይፈጫል። በናፍታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

አዳሜዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ዕቃው ሁሉ ከጋራዥ ነው የመጣ ማለት ነው?

ሰዋስወኛው፦
ዕቃው ከጋራዥ፣ ድርጊቱ ግን ከአማርኛው ግሥ። «-ኦሽ» ከግሥ ስም የምታወጣ ቅጥያ ናት፤ ከሴቷ «ሽ» ጋር ዝምድና የላትም። ድብብቆሽ ከተደባበቀ፣ ሽቅድድሞሽ ከተሽቀዳደመ፣ ቅብብሎሽ ከተቀባበለ። ሦስቱም ላይ የሚደገም ፊደል አለ፤ «ብብ»፣ «ድድ»፣ «ብብ»። ግሡ እርስ በርስ መደራረግን የሚያሳይ ስለሆነ ነው።

አሁን አባሮሽን ተመልከቱ። ከአባረረ ነው የወጣው፣ የመደራረግ ድግግሞሽ የለውም። ጨዋታውም እንዲሁ ነው፤ አሳዳጁ አንድ፣ ሌላው ሁሉ ሸሺ፣ የተነካ ተራውን ይረከባል እንጂ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይባረሩም። ቅልሞሽም ድግግሞሽ የለውም፤ አምስቱን ጠጠር ሲወረውሩና ሲቀልቡ ተጫዋቿ አንዷ ናት፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ከጨዋታ ውጪ ያለው «ጥሎሽ» እንኳ ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው። ሰዋስው አንዳንዴ ከዳኛ በላይ የጨዋታውን ደንብ ያውቃል።

ወደ ትልልቅ ሰዎች አፍ የተሻገሩትም ባለ ድግግሞሾቹ ናቸው፤ «የጦር መሣሪያ ሽቅድድሞሽ»፣ «የዱላ ቅብብሎሽ»፣ «ከሕግ ጋር ድብብቆሽ»። «የአባሮሽ ፖለቲካ» የሚል ግን ብዙም አይሰማም። «ዥዋዥዌ»፣ «እቃ እቃ»፣ «ጢባጢቤ ተጫወቱበት» የሚሉት ሌላ በር አላቸው፤ ለነሱ የተለየ ውይይት ብንከፍት ይሻላል።

ጋሼ ፉርጎ፦
ስለ ብይ ላንሳ። ከጣሊያንኛ ነው የሚሉ አሉ፣ ቢልያ ከሚለው። እኔ ከፈረንሳይኛው ነው እላለሁ፤ ፈረንሳዮቹ ጠጠሯን ሲጠሩ አነጋገራቸው «ቢይ» ነው፣ «ል» አይሰማም። የምድር ባቡሩ የፈረንሳዮች ሥራ ነበር፤ ለገሃርና ፉርጎ ከነሱ የተወሰዱ ቃላት ናቸው። አዳማ ደግሞ ያው ሐዲድ ያለፈባት ከተማ ናት።

ባለ ጋራዥ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ልያ» በእኛ አፍ ወደ «ይ» ሊሟሟ አይችልም?

ጋሼ ፉርጎ፦
ልጄ፣ ማሊያን እይ። የጣሊያኑ ማልያ ነው፣ የቃሉ ቅርጽ ከቢልያ ጋር አንድ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ «ማሊያ» ሆነ፣ «ል»ው አልጠፋም። ብይም በዚያው መንገድ መጥቶ ቢሆን «ቢሊያ» እንል ነበር። ፍርድ የሆነው «ብይን» ከበየነ ነው፤ ከጠጠሯ ጋር የተገናኙት በ«ን» ብቻ ነው።

ባለ ጋራዥ፦
ማሊያው ረታኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኩሽኔታ የሚወጣው ብረት ኳስ «የብረት ብይ» ተብሎ ጨዋታ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ቦታ ግን ይከለከላል። ልኩ ከመስታወቱ ጋር እኩል ሆኖ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ 16 ሚሊ ሜትሯ የመስታወት ብይ 5 ግራም ገደማ፣ የብረቷ 17 ገደማ። በአንድ ምት የሰው ብይ ይሸርፋል። ጉድጓዱም እንዲሁ ዘዴ አለው፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ተረከዝ አዙሮ መማስ ትርፉ መናድ ነው፣ መጀመሪያ ውኃ ረጭቶ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል።

የወንጂ መንገድ፦
ጣፋጩን ረሳችሁት። ከረሜላ ከጣሊያኑ ካራሜላ ነው። እዚያ በ«ኦ» የሚያልቅ ወንድሙም አለ፣ ካራሜሎ፤ እሱ የተቃጠለው ስኳር ነው። እኛ የወሰድነው የሴቷን፣ ማለትም የተጠቀለለችውን ደረቅ ጣፋጭ ነው።

ልጆች እናት ሳታይ በጭልፋ የሚያቀልጡት ስኳር ግን በትክክል ካራሜሎ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው ያልወሰደው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ለዘብ ያለ እሳት፣ ማማሰል የለም። ማማሰል ስኳሩን መልሶ ያሸክረዋል። ጥቂት ጠብታ ሎሚ ከውኃ ጋር ከገባበት እንዳይሸክር ይረዳል። የማር መልክ እንደያዘ ዘይት የተቀባ ሳህን ላይ ይፈሳል፤ ጥቁር ቡኒ ከሆነ አለፈ፣ ይመራል። ጭልፋው ላይ የቀረውን መፋቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ፈላ ያለ ውኃ ውስጥ ቢነከር ራሱ ይለቃል። ቀልጦ የሚንጠባጠበው ስኳር ከፈላ ውኃ በእጅጉ ይበልጥ ይሞቃልና ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ እናቶች የሚቆጡት ስለ ስኳሩ ብቻ አይደለም። አዳማ ደረቅ ስለሆነች ቶሎ አይላላም፤ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ሸንኮራ አገዳው ሌላ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዳማ ዙሪያ አገዳ ማለት ሸንኮራ ነው፤ በሌላው አገር ግን የማሽላውም የበቆሎውም አገዳ ነው፣ የሰው እግር አጥንትም አገዳ ይባላል። ጣፋጩ የማሽላ አገዳ «ጥንቅሽ» ነው፤ ይሄንን ቃል የከተማ ልጅ እየረሳው ነው፣ መዝገባችሁ ውስጥ አስገቡልኝ። ሸንኮራ ሲመረጥ የታችኛው አንጓ ይበልጣል፤ ከሥሩ በኩል ያለው የበሰለ ነው፣ ጫፉ ውኃ ውኃ ይላል። ተሰንጥቆ ውስጡ ቀይ መስመር ካሳየና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ታሟል፣ ይጣላል። ተመጥጦ የሚተፋው ጭረት «ምጣጭ» ነው። «እንደ ሸንኮራ መጥጠው ጣሉት» የሚለው ከዚህ ነው፤ ጉልበቱን ጨርሰው ላሰናበቱት ሠራተኛ ይባላል። ከ«ጋጡት» ይለያል፤ መጋጥ ከአጥንት ላይ ነው፣ ንብረትን ለመግፈፍ የሚሻለው እሱ ነው።

ምላጭ፦
የጋራዡ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ አለኝ። ወንጭፍና ፊኛ የእኛ ናቸው። ፊኛ መጀመሪያ የእንስሳ የሽንት ከረጢት ነው፤ ሐኪሙም «የሽንት ፊኛ» ይላል። በበዓል ከታረደው ከብት የወጣው ፊኛ በርጥቡ አመድ ላይ ይታሻል፣ ሲለሰልስ በመቃ ይነፋና አንገቱ ይታሰራል። ከደረቀ በኋላ ልንፋ ያለ ይተረትረዋል። የሱቁ ላስቲክ ሲመጣ ስሙን ወረሰ።

ወንጭፍም በገመድ የተሠራው የእረኛ ነው፤ ባላ ላይ ላስቲክ ተወጥሮ የሚተኮሰው ስሙን ተውሶ ነው። እዚህ ላይ ጋራዡ አንድ ነጥብ ያገኛል፣ ላስቲኩ ከካላማዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ገብቶ ከሚነፋው፣ ነው። አንዳንዱ ከመነዳሪ ይላል፤ ጣሊያኑ ካሜራ ዳርያ፣ «የአየር ክፍል» ነው። ቀዩ ካላማዳሪ ከጥቁሩ ይመረጣል፤ ጥቁሩ አየር በመያዝ ጎበዝ ቢሆንም ሲለጠጥ ቀርፋፋ ነው። ሪባኑ ሁለት ጣት ያህል ሰፍቶ በአንድ የምላጭ ጉዞ ይቆረጥ። በመቀስ ሲቆረጥ ዳሩ ይነካካል፤ ላስቲኩ የሚበጠሰው ከዚያች ጭረት ነው፣ የሚያርፈውም ፊት ላይ ነው።

አዳሜዋ፦
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ሁለት፤ ሰኞ ማክሰኞ ላይ «ተቃጠልሽ» ምንድን ነው? ደግሞ ከትምህርት ቤት «ፎረፈ»?

ሰዋስወኛው፦
ተቃጠለ ማለት ተራው አለፈ ነው፤ መስመር ረግጦ፣ ሁለተኛ እግሩን አሳርፎ፣ ወይም ገሉ ከታሰበው ቀን ውጪ ወድቆ። ገል የምላችሁ የሸክላ ስባሪው ነው፤ ድቡልቡል ጠጠር ስለሚንከባለል ጠፍጣፋ ገል ይመረጣል።

ፎረፈ ከፎርፌ ነው፤ ፎርፌ ፈረንሳይኛ ነው፣ ሜዳ ሳይገቡ መሸነፍ። አማርኛ ከስሙ ላይ ፎ፣ ረ፣ ፈን አንሥቶ ግሥ አደረገው፤ ፎረፈ፣ ይፎርፋል፣ ፎርፎ። ትርጉሙ ጠባብ ነው፤ ታሞ ቤቱ የዋለ ተማሪ ቀረ ይባላል እንጂ አልፎረፈም። ለመፎረፍ ደብተር ይዞ ከቤት መውጣት ግድ ነው።

ምላጭ፦
ፍርፋሪስ?

ሰዋስወኛው፦
እሱ ከፈረፈረ ነው፣ አይዛመዱም።