አዲስ የመቶ መሪ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የማራኪው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲግሪዬን እንደያዝኩ የመኮንንነት ሥልጠና ገብቼ በምክትል መቶ አለቃነት ተመርቄያለሁ። አሁን ጎንደር እናቴ ቤት ነኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ክፍሌን እቀላቀላለሁ። መቶ ይባል እንጂ ሠላሳ ገደማ ሰው ነው የምረከበው። ታክቲኩንም ካርታ ንባቡንም ተምሬያለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከሥሬ የሚሆነው ሃምሳ አለቃ እኔ ፊደል ስቆጥር እሱ ግዳጅ ላይ የነበረ ሰው ነው። እንዴት ብዬ ነው የማዘው? የዕለት ሥራውስ በተግባር ምን ይመስላል? ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የአዘዞው ጡረተኛ

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። እኔ በሃምሳ አለቃነት ብዙ ቆይቼ በኋላ መኮንን የሆንኩ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ቦታ አውቀዋለሁ።

እንደደረስክ ለመለወጥ አትቸኩል። ሃምሳ አለቃውን ለብቻው ቡና ጋብዘውና ጠይቀው። ማን ታሟል? ማን ቤቱ ችግር አለበት? የትኛው መሣሪያ ያስቸግራል? ይህን የሚያውቀው እሱ ነው። ዕድሜውን አክብር፤ በሰው ፊት አታርመው። ካልተስማማችሁ ለብቻችሁ ተነጋገሩ፤ ሰልፍ ፊት ስትወጡ ግን ቃላችሁ አንድ ይሁን። ምክሩን ተቀበል፣ ውሳኔውን ግን አሳልፈህ አትስጥ። ነገር ሲበላሽ የሚጠየቀው የመቶ መሪው ነው።

የዕለት ሥራው አብዛኛው ተኩስ አይደለም። ማለዳ ስም ጥሪ፣ ስፖርት፣ የመሣሪያ ፍተሻ፣ ሥልጠና፣ ከዚያ ሪፖርት። ተረኛ መኮንን ስትሆን ሌሊት ጥበቃዎችን ዞረህ ታያለህ። ሰዓቱን ቀያይረው። መኮንኑ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ የሚመጣ ከሆነ ጥበቃውም የሚነቃው ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

ከረጅም ጉዞ በኋላ ጫማ አስወልቅ። «ደህና ናችሁ?» ብለህ አትለፍ፤ ሁሉም «ደህና» ነው የሚልህ። ካልሲውን ያውልቅና ተረከዙንና የጣቶቹን መሃል ያሳይህ። ውሃ የቋጠረ እግር ዛሬ ካልታከመ ነገ ሁለት ሰው ያጎድልብሃል፤ አንዱ ታማሚው፣ አንዱ ደጋፊው። ምግብ ሲወጣም መጨረሻ ተሰለፍ። ወጡ ካለቀ ያለቀው ባንተ ላይ ይሁን፤ ያኔ ለስንቅ ክፍሉ የምትናገረው ጉልበት ይኖረዋል።

መልስ፦ ሲስተር

እኔ የምጨምረው ስለ ቆላ ነው። ምድብህ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ከሆነ ያለው ወባ ብቻ አይደለም፤ ካላዛርም አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከወባ ትንኝ በጣም ያነሰ። በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ዛፍ አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ ወታደሮችህ ግራር ሥር እንዳያድሩ አድርግ። አጎበር መታደሉ አይበቃም፤ መዘርጋቱን ማታ በዓይንህ እይ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ የከሳ፣ ሆዱ በግራ ጎኑ ያበጠ ወታደር ካለህ በወባ መድኃኒት ብቻ አታቆየው። ቶሎ ወደ ሐኪም ላከው፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ።

መልስ፦ የመኮንን ሚስት

ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ለእናትህ የባንክ ውክልና ስጣቸው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከገባህ ደመወዝህን ማንቀሳቀስ አትችልም። ወታደሮችህንም ይህን ነገር ጨርሰው እንደሆነ ጠይቃቸው። ልጁ ታሞ ብር መላክ ያቃተው ሰው ልቡ ሥራ ላይ አይሆንም።

የፈቃድ ተራውን ደግሞ አደራ። «ዘመድ ያለው ይወጣል፣ የሌለው ይቀራል» የሚል ወሬ ከገባ ያ መቶ ፈረሰ ማለት ነው። ባለቤቴ ተራውን ጽፎ ሁሉም የሚያየው ቦታ ይለጥፈው ነበር። ሚስቱ የወለደች ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ተራ ሲቀድም ምክንያቱ ለሁሉም ይነገራል።

የማራኪው ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ልጨምር። ከላይ የመጣው ትእዛዝ ሕግ የሚጥስ ቢሆንስ?

መልስ፦ ጠበቃ

ይህን ሳትሄድ መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታችም ይጠየቃል። «ታዝዤ ነው» ማለት ቅጣት ሊያቀልልህ ይችላል እንጂ በራሱ ነፃ አያወጣህም። ትእዛዝ ሰጪው አንተ ስትሆን ደግሞ ኃላፊነቱ ያንተ ነው። ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰው አስገድዶ መሰወር፣ ማሠቃየት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም አይታለፉም። በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶችም መሣሪያውን ያስቀመጠ፣ የቆሰለና የተያዘ ሰው በሰብአዊነት እንዲያዝ ያስገድዳሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ደግሞ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ትእዛዝ ካላማረህ ግልጽ እንዲደረግልህ ጠይቅ። የተባልከውንና ሰዓቱን ጻፍ።

የአዘዞው ጡረተኛ

ጠበቃው ያሉትን ለወታደሮችህ በሰላሙ ቀን ንገራቸው። የተማረከ አይመታም፣ የገበሬ በግ አይነካም። ግርግር ውስጥ ገብቶ ማስተማር አይቻልም።

ስለ ርክክቡም ልንገርህ። ሰነድ ላይ ከመፈረምህ በፊት የእያንዳንዱን መሣሪያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳክር። ሬዲዮውን ከነባትሪው፣ መነጽሩን ከነማኅደሩ ቁጠር። «ነገ ይመጣል» የተባለ ዕቃ ካለ «የለም» ብለህ ጽፈህ ፈርም። ጊዜ ካገኘህ እሁድ አዘዞ ውረድ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ።