ደሴ ላይ ሲስተም ለምታስጭኑ፦ በምን እንደሚጫን ጠይቁ

"ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ ነው፣ የት ልሂድ?" ለምትሉኝ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ ከ"የት" በፊት "በምን" የሚለው ይቅደም።

ዱሮ በብዙ ማሽኖች ሲስተሙ (እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ሮም በሚባል፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ቺፕ ላይ ተቀርጾ ነበር የሚመጣው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ሲስተሙ፣ ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋውና ፊደላቱ በ20 ኪሎባይት ሮም ያልቁ ነበር። ስታበሩት ወዲያው ይነሳል። አኮርን የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲስተም፣ ሪስክ ኦኤስም እንደዚሁ ነበር፤ 3.1 የሚባለው እትሙ ሲወጣ ሰው ቺፕ ገዝቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ይሰካ ነበር። አድካሚ ነው። ግን ሮም ላይ ቫይረስ ምንም ሊጽፍ አይችልም። እኔ የምቆጨው በዚህ ነው።

አምና ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት አስጫንኩ። ሲስተሙን የጫኑበት የሱቁ ፍላሽ ከስንት ማሽን ቫይረስ ይዞ እንደመጣ እንጃ። ቤት ገብቼ የራሴን ፍላሽ ስሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ። የእናቴ ፎቶዎች እዚያ ነበሩ፤ በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ የራሳችሁ 16 ጊጋ ፍላሽ ይኑራችሁ። ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባለው ማስነሻ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ጫኑበት። ጎኑ ላይ እንዳይጻፍበት የሚያደርግ መቆለፊያ ያለው ፍላሽ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግዙ። የኤስዲ አዳፕተር ላይ ያለችውን ትንሽ መግፊያ ግን አትመኑ፤ ካርዱን አትቆልፍም፣ ማንበቢያው ካላከበራት ዋጋ የላትም።

ማሽኑ አሮጌ ከሆነ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ ማስገባት ነፍስ ይዘራበታል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፤ 11ን ካልቻለ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት።

ለትምህርት ቤትና ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ ግን ምርጫዬ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነች። ሲስተሟ ያለው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው፤ መብራት ድንገት እልም ሲል ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። አብሽሩ፣ መላ አለው። ሁሉን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ራስፒ ኮንፊግ (raspi-config) ከሚባለው ማስተካከያ ፕሮግራሟ ውስጥ ኦቨርሌይ (Overlay) የሚለውን አብሩ። ከዚያ ወዲያ ካርዱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ለውጡ ሁሉ ራም ላይ ይቀራል። ከዱሮው ሮም ጋር በጣም የሚቀራረበው ይሄ ነው። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ እንዳለባቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ይሄዳል። ማስተካከሉ ከከበዳችሁ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሚማር ዘመድ ካላችሁ ያዙት፤ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ሱቅ መሄድ ግድ ከሆነም የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ግቡ። "በዚህ ጫንልኝ" በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።