«ምጣድ የሌለው ቤት ቤት አይባልም»?

ባለምሳዕቃዋ
ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ስለ ከተማ ኑሮ የተጋበዙ አንድ እንግዳ «ምጣድ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ እንጀራ በፌስታል የሚገዛ ትውልድ የእናቱን እጅ ረስቷል፤ ውጭ መብላትም የባዕድ ልማድ ነው» አሉ። አዘጋጁ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ራሳቸውን በስምምነት ይነቀንቃሉ። እኔ ደግሞ ጭኔ ላይ አምስት እንጀራ በፌስታል ይዣለሁ። አላፈርኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ምሽት 2 ሰዓት የምገባ ሰው ነኝ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራዬ ምጣድ መሰካት ከልክለዋል። ታዲያ እኔ የምኖረው ምን ውስጥ ነው?

ጋሼ ሰፌድ
እህቴ፣ ሰውዬው ስለ ኪራይሽ አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ጣዕም ነው። እኛ ቤት እስከ ዛሬ እንጋግራለን። ከእህል በረንዳ የአዳ ማኛ ገዝተን፣ አስፈጭተን፣ በእርሾ አቡክተን ሦስት ቀን እናሳድራለን። ውሃው ይቀረራል፣ አብሲት ይጣላል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል። ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚነሣውን ሽታ የትኛው ሱቅ ይሸጥልሻል? አክንባሎው ሲነሣ እንጀራው ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቅሻል። የሱቁ ግን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ በማግስቱ እንደ ብራና ይደርቃል። መጋገር ሸክም አይደለም፣ ደስታ ነው።

አራተኛ ፎቅ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «እንጋግራለን» ስላሉት ልጠይቅዎ። የሚጋግረው ማን ነው? እርስዎ ነዎት?

ጋሼ ሰፌድ
የቤቱ ሰው ነዋ! ቤተሰብ።

አራተኛ ፎቅ
ቤተሰብ ምጣድ ፊት አይቆምም። አንድ ሰው ነው የሚቆመው።

ጋሼ ሰፌድ
ሠራተኛችን ናት የምትጋግረው፤ ባለቤቴ አስተምራታለች። ይህ ምኑ ያስገርማል?

ባለምሳዕቃዋ
ምንም አያስገርምም። ግን ለዚህ አማርኛችን የራሱ ግሥ አለው፦ «እናስጋግራለን»። የጎደለችው አንዲት «ስ» ናት፤ ልጅቷም ያለችው እዚያች «ስ» ውስጥ ነው። ደስታውን እስኪ እርሷን ይጠይቁልን።

ጋሼ ሰፌድ
በሰዋስው አምልጠሽ ከቁም ነገሩ ሸሸሽ። ደመወዟን ታገኛለች፣ ከእኛው መሶብ ትበላለች።

እትዬ ማሰሻ
እኔ ጋግሬ የምሸጥ ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ ነው ምጣድ ፊት የምቀመጠው፤ የቀኝ እጄ ክንድ ላይ ያሉትን የእሳት ጠባሳዎች መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። «የእናቱን እጅ ረስቷል» ላሉት ሰው፣ ይህም የእናት እጅ ነው፤ ሦስት ልጆች አሳድጎበታል። ሩዝ ይቀላቅላሉ ለሚባለውም ልመልስ። እቀላቅላለሁ፣ አልደብቅም። ለደንበኛ ሁለቱን አሳያለሁ፦ ይህ ንጹሕ ሠርገኛ ጤፍ ነው፣ ይህ ቅልቅል ነው። ዓይናችሁ ንጣት ይወዳል፣ ኪሳችሁ ቅናሽ ይወዳል፤ ቅልቅሉን ትወስዱና ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ እኔን ታሙኛላችሁ።

አራተኛ ፎቅ
እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። የት ሰፈር ነው የሚሸጡት?

እትዬ ማሰሻ
አልናገርም። ጋሼ ሰፌድ መጥተው ሊጤን ይመረምሩታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እናንተ ተመቻችታችሁ ነው የምትጣሉት። እዚህ አሜሪካ፣ እኛ ሰፈር፣ እንጀራ የሚገዛው ከነዳጅ ማደያ ሱቅ ነው፤ ከድንች ጥብስና ከባትሪ ድንጋይ አጠገብ ተደርድሮ። ጤፉ አይዳሆ ከሚባል ግዛት ይመጣል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ራሱ ኩፍ የሚል የስንዴ ዱቄት እንቀላቅልበታለን። አንድ ጊዜ እውነተኛ እንጀራ ልጋግር ብዬ አፓርታማዬ ውስጥ ምጣድ አጋልኩ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ብርድ ላይ ወጣ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አክንባሎውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ቆርሼ ሰጠሁት፤ ወደደው። ጎረቤቶቼ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ጋሼ ሰፌድ
ይኸውልህ! ባሕር ማዶ ሆነህ እንኳ ምጣድ ናፈቀህ። ክርክሩን አንተው ዘጋኸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
አልዘጋሁትም ጋሼ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምገዛው ከማደያው ነው።

የፒያሳ ልጅ
እኔን ያናደደኝ ምጣዱ ሳይሆን «ውጭ መብላት የባዕድ ልማድ ነው» የምትለዋ ናት። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ፒያሳ የከፈቱት በምኒልክ ዘመን ነው። ገንዘብ ከፍሎ መብላት ነውር ሆኖ ሰው እምቢ ሲል፣ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው ሒሳብ እንደከፈሉ ይተረካል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር እስከ መቼ ነው ባዕድ የሚሆነው? በርበሬስ መች እዚህ በቀለ? ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አይደለም እንዴ?

ጋሼ ሰፌድ
ሆቴሉ የተከፈተው በአብዛኛው ለውጭ አገር እንግዶች ማረፊያ ነው። ታሪኩን አንተው ተረክኸው፦ ነውር ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የፒያሳ ልጅ
ነውር ነበር፤ ንጉሡ ከፍለው ነውርነቱን ሻሩት። ከምኒልክ በላይ ወግ አዋቂ ነኝ ካሉ ሌላ ነገር ነው።

ባለምሳዕቃዋ
ስለ ነውር ከተነሣ እኔም ልናገር። በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ የገባ ዕለት፣ ከሥራ ስወጣ አንዲት ሽሮ ቤት እገባለሁ። ብቻዬን። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ቃሪያዋ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ ሽንኩርት ተሞልታለች። ማንም «ጨው አነሰው» አይለኝም፣ የማጥበው ሰሐን የለም። አስተናጋጁ ግን ሁልጊዜ «ሰው ይመጣል?» ብሎ ይጠይቀኛል። አይመጣም ስለው ትሪውን የሚያስቀምጠው አዝኖልኝ ነው። ወንድ ብቻውን ሲበላ ማን ይጠይቀዋል? ያቺ አንዲት ሰዓት የእኔ ናት፤ ሰውዬው በሬዲዮ ሊወስዷት አይችሉም።

አራተኛ ፎቅ
አስተናጋጁን «መጥቼአለሁ» በይው።

ጋሼ ሰፌድ
ሽሮውን ተውት። ዶሮ ወጥ ላይ እንምጣ። የትኛው ምግብ ቤት ነው ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት በወጉ የሚያወጣ? አንድ እግር፣ አንድ እንቁላል፣ የቀረው ቁሌት ነው። ሽንኩርቱም ሳይበስል በዘይት ይዋኛል። የፋሲካ ለሊት ሃምሳ አምስት ቀን ጾመህ እንዲህ ያለውን ትፈስክበታለህ?

የፒያሳ ልጅ
ፋሲካን ማን ምግብ ቤት ይፈስካል? ጋሼ፣ ሙግት ሲያጥርዎ በዓል አይጥሩ። እኛ የምንናገረው ስለ ማክሰኞ ምሳ ነው።

እትዬ ማሰሻ
ደግሞስ አሥራ ሁለቱን ይጥሯቸው እስኪ። ከሚያስጋግሩት ብዙዎቹ ከፈረሰኛና ከመላላጫ ሌላ ስሙን አያውቁትም።

ጋሼ ሰፌድ
አውቃለሁ እንጂ! ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት እግር፣ ፈረሰኛ፣ አንገት፣ ጀርባ…

አራተኛ ፎቅ
ዘጠኝ።

ጋሼ ሰፌድ
ቆይ፣ ባለቤቴን ልጥራ።

ባለምሳዕቃዋ
እንጠብቃለን። የሚያውቀው የሠራው ነው ማለት ነው።

አራተኛ ፎቅ
እስከዚያው የእኛን ሕንፃ ጉዳይ ላውራ። ቤቱ ከመንግሥት የደረሰን ዕለት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምጣዱ የት ይቀመጣል?» ብላ ነው። ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም አልጠየቀችም። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። በረንዳ ላይ ጋገርን፤ ጭሱ አምስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ላይ ወጣ፤ ተጣላን። የጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ዛሬ መጋዘን ሆኗል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን፤ እርሱ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ስንሰካ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ምጣድ አለን ጋሼ። ቤቱ ቤት ነው። እንጀራ ግን ከታች ሱቅ ነው የምናመጣው።

ጋሼ ሰፌድ
መብራት ጠፋ። ሦስተኛው እንጀራ ምጣድ ላይ ነው፣ ሊጡ ገና ግማሽ ነው።

ባለምሳዕቃዋ
የእኛ ሰፈር ሱቅ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ክፍት ነው። ስንት ልያዝልዎ?

ጋሼ ሰፌድ
ቀልጂ። ቅልቅል ያልሆነ ከሆነ አሥር።

እትዬ ማሰሻ
ሦስቱ ብልቶች ግን አልተጠሩም።