ማሪዮ ጺሙንና ኮፍያውን ከየት አመጣው?

የኮዬ ፈጬ አባት
ሰላም ቤተሰብ። ያቺ ድሮ የተጫወትኩባትን የካሴት ጌም ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለ10 ዓመት ልጄ ከቲቪ ጋር አገናኘሁለት። ሱፐር ማሪዮን ሳምንት ሙሉ ሲጫወት ከረመ፣ አሁን ደግሞ የራሴን ጌም ካልሠራሁ ብሏል። ኮምፒውተር የለንም። ስለዚህ ካሬ ካሬ ባለው የሂሳብ ደብተሩ ላይ አንዷን ካሬ በአንድ ቀለም እየሞላ ጀግና ይስላል። ግን የሚስለው ሁሉ ማሪዮ ይሆንበታል፣ ያው ጺም፣ ያው ኮፍያ። ትናንት «አባዬ፣ ማሪዮ ግን ለምንድነው ጺም ያለው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

የካሴት ዘመን
ወንድሜ፣ ቦታ ስለጠበበው ነው! የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የኒንቴንዶ ሠራተኛ ሺገሩ ሚያሞቶ ማሪዮን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1981 ለዶንኪ ኮንግ ጌም ነው። የኒንቴንዶ ሰዎች አሜሪካ ልከውት እንደታሰበው ያልተሸጠ ራዳር ስኮፕ የሚባል ጌም ነበራቸው፣ ብዙዎቹ የጌም ቤት ማሽኖች መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው ቀሩ። በእነሱ ላይ የሚጫን አዲስ ጌም እንዲያወጣ ለሚያሞቶ ተሰጠው። ሰውዬው ፕሮግራመር አይደለም፣ የተማረው ዲዛይን ነው።

የሣለውም ልክ እንደ ልጅህ ካሬ እየሞላ ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 16 በ16 ካሬ ነው፣ ቀለሙም ሦስት ብቻ። በዚህች ቦታ አፍ ቢሣል አይታይም፣ ስለዚህ ትልቅ አፍንጫ ሰጥቶት ከሥሩ ጺም አደረገለት። ፀጉር ሲያስቸግረው ኮፍያ ደፋበት። ሲሮጥ እጁ ከሆዱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ የሥራ ቱታ አለበሰው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው መልክ በሙሉ የመጣው ከዚያ እጥረት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ለሰውዬው ያለኝ ክብር እጥፍ ሆነ።

ሚሚ ከየካ አባዶ
የማሪዮን ሥራ ልጨምርልህ። መጀመሪያ አናጺ ነበር፣ ምክንያቱም ዶንኪ ኮንግ ላይ ያለው ቦታ ሕንፃ የሚሠራበት ነው። በ1983 ማሪዮ ብራዘርስ ሲወጣ ቦታው ቧንቧ የበዛበት የመሬት ውስጥ ሆነ፣ እሱም ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። ስሙ እንኳን በመጀመሪያ ጃምፕማን ነበር። ማሪዮ የተባለው አሜሪካ ያለውን የኒንቴንዶ መጋዘን ባከራየው በማሪዮ ሴጋሌ ስም ነው።

እና ልጁን «ማንን ትስላለህ?» አትበለው። መጀመሪያ ቦታውን ይምረጥ። ከበረንዳችሁ ቁልቁል ሲያይ ምን ይታየዋል? ሰውዬው ከዚያ ይመጣል። ደግሞ 1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ላይ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል መሆናቸውን አሳየው፣ ቀለማቸው ነው የሚለየው። ማህደረ ትውስታ ለመቆጠብ ነው።

ቱሉ ዲምቱ 2
ሁሉም ልክ ነው፣ ግን መልኩ ብቻውን ማሪዮን እዚህ ባላደረሰው። ዝላዩ ነው። ቁልፉን ነካ ስታደርገው ትንሽ፣ ጫን ብለህ ስትይዘው ከፍ ብሎ ይዘላል። እኛ ሠፈር ጌም ቤት ውስጥ ገደል ስንሻገር ጆይስቲኩን ከነእጃችን ወደ ላይ እናነሳው ነበር፣ ዝላዩ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ነዋ! ልጁ ሥዕሉን ሲጨርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስም ያስብበት።

የኮዬ ፈጬ አባት
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ አብረን 16 በ16 አሰመርን፣ ሦስት እርሳስም መረጠ። በረንዳ ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየና ተመልሶ ቢጫ ጄሪካን የተሸከመች ሴት ሣለ። ውሃ ሲጠፋ እናቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ የምታወጣውን ማለት ነው። ፊቷ አልታይ ሲለው ጄሪካኑን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ግማሹን ሸፈነው። ከሩቅ ስታየው ወዲያው ትለያታለህ። አሁን የቀረው ዝላዩ ነው። ከፍ ብላ ከዘለለች ውሃው ይፈሳል ይላል፣ ዝቅ ካለች ደግሞ ደረጃውን አትወጣም። «ቱሉ ዲምቱ 2»፣ ይህቺን አንተ ብታግዘን?