የማቅጠኛ እንክብል የወሰደች እናቴ ልቧ አላርፍ አለ፤ ቶሎ መልሱልኝ!

ሚሚ ጉለሌ፦ እባካችሁ! እናቴ ከዱባይ የተላከላትን የማቅጠኛ እንክብል ከጀመረች አራተኛ ቀኗ ነው። ማታ ዓይኗን አልከደነችም። አፏ ይደርቃል፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ብልቃጡ ላይ "100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ" ይላል። ሎሚ በሙቅ ውሃ ብሰጣት ያበርድላታል?

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ስጪያት፣ ማርም ጨምሪበት።

ጋሽ ተ.፦ ልጄ፣ ባለቤቴ ዘይትና ለስላሳ ቀንሳ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሯ እየሄደች በዓመት 7 ኪሎ ቀንሳለች። ምንም አልዋጠችም። ለእናትሽ ንገሪልኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ሚሚዬ፣ ሎሚው ይቆይ። እንክብሉን አሁኑኑ አስቁሚያት። ዕድሜዋ ስንት ነው? የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ (የአንጎል ደም ዝውውር መቋረጥ) ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካም ከአውሮፓም ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን "ዕፅዋት ብቻ" በተባሉ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። የነገርሽን ምልክቶች በሙሉ እሱም ያመጣቸዋል።

ናቲ 21፦ ሁሉንም በክኒኑ አታሳቡ። እኔ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ስድስት ወር ወስጄ ምንም አልሆንኩም።

ፋርማሲስቷ፦ ናቲ፣ ተፈልቶ የሚጠጣው ሻይና ተጨምቆ እንክብል የሆነው አንድ አይደሉም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳለው፣ አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገር በእንክብል በቀን 800 ሚሊግራም ሲደርስ የጉበት መጎዳት ምልክት ሊታይ ይችላል። አንተም ጉበትህን ብትመረመር ደስ ይለኛል።

ሚሚ ጉለሌ፦ ይቅርታ፣ ሳልነግራችሁ! 58 ዓመቷ ነው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ትወስድ ነበር። ለካ እንክብሉን ስትጀምር "ስቀጥን ግፊቱም ይወርዳል" ብላ አቁማዋለች። አሁን ለካንላት፣ 172 በ104።

ፋርማሲስቷ፦ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፣ ለነገ አታሳድሪ። ክብደት ሲቀንስ ግፊት መውረዱ እውነት ነው፤ ግን ቀስ እያለ ነው። በአራት ቀን መድኃኒት አያስተውም። ያመለጣትን አምሎዲፒን አንድ ላይ አትስጫት። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ ይየው። ደረቷን ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም አፏ ከተጣመመ ወደ 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ማሩን ግን በባዶ ሆዷ ነው።

ሚሚ ጉለሌ፦ ታክሲ ውስጥ ነን። ብልቃጡን ይዣለሁ።

ጋሽ ተ.፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ ልጄ።

ፋርማሲስቷ፦ ሚሚ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አነሱላት? ምን አሉሽ?

ፋርማሲስቷ፦ ሚሚዬ?